ካፖርት ለድሬ?

ጥያቄ፦

ሰላም እህቴ፣ እንዴት ነሽ? የምጽፍልሽ ከድሬዳዋ ነው። ከዚራ አካባቢ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ፣ ዕድሜዬ 26 ነው። ልብስ እወዳለሁ፣ ምን ልዋሽሽ። ማታ ማታ ቲክቶክ ስከፍት የሚመጣልኝ ሁሉ "የዚህ ወቅት ፋሽን" የሚል ነው። መስከረም ከገባ ወዲህ ደግሞ ሁሉም ነገር ቡናማ ሆኗል፤ ረጅም ካፖርት፣ በሸሚዝ ላይ የተደረበ ሹራብ፣ ቡትስ። አንዷ አዲስ አበባ ሆና ያንኑ ለብሳ ስታምር! እኔ እዚህ ከቤት ወጥቼ ባጃጅ እስካገኝ ድረስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ይጣበቃል። እናቴ "ድሪያሽን ለብሰሽ አርፈሽ አትቀመጪም?" ትለኛለች። ድሪያ እወዳለሁ፣ ግን ቢሮ እንዴት ይለበሳል? አሁን አንዲት ነጋዴ ካፖርት ላስመጣልሽ ብላኝ ቀብድ ልሰጣት ነው። ኅዳር ላይ ደግሞ የጓደኛዬ ሠርግ ሐረር አለ። ምን ትዪኛለሽ? ቡትሱስ?

ፋሽን ያማራት፣ ከድሬ

መልስ፦

የኔ ቆንጆ፣ ቀብዱን አትስጫት።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ይሄ "ወቅት" የሚሉት የማን ወቅት ነው? ፓሪስ፣ ሚላኖ፣ ለንደንና ኒውዮርክ ላይ ትልልቆቹ የልብስ ትርዒቶች በዓመት ሁለት ዙር አላቸው፤ አንዱ ዙር ለሙቀታቸው፣ ሌላው ለብርዳቸው። ልብሱ ሱቅ የሚገባው ከወራት በኋላ ነው። መስከረም ላይ ካፖርት የሚያወጡት ብርዱ እየመጣባቸው ስለሆነ ነው፣ በቃ። ያቺ የአዲስ አበባዋ ልጅም ብትሆን ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ሆና ነው የምትቀረጸው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ትሬንች ኮት የሚሉት ረጅም ካፖርት ደግሞ ስሙን ያገኘው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ የእንግሊዝ መኮንኖች ለዝናብና ለብርድ ሲለብሱት ነው። ቀፊራ ገበያ ለመሄድ የታሰበ ልብስ አይደለም።

ፋሽኑን ግን ተዪው አላልኩም። ቀለሙንና ቅዱን ውሰጂ፣ ክብደቱን እዚያው ተዪላቸው።

ቀለሙን እንይ። ቡናማው እንዲሁ ከሰማይ አልወረደም፤ ፓንቶን የተባለው የቀለም ድርጅት ለ2025 እ.ኤ.አ. የመረጠው ሞካ ሙስ የሚባል ቡናማ ነበር። ለድሬ እንደውም ይመቻል፣ አቧራ አያሳይም። ፊትሽ አጠገብ ሲሆን ካደበዘዘሽ ከታች አድርጊው፦ ቡናማ ሱሪ፣ ከላይ ነጭ ወይም ክሬም ሸሚዝ።

ዋናው ነገር ጨርቁ ነው፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። "ሊነን ነው" ብለው የሚሸጡልሽ ግማሹ ፖሊስተር ነው። ፖሊስተር ላብ አይመጥም፣ ለዚህ ነው ጀርባሽ ላይ የሚጣበቀው። ከጫፉ አንድ ክር መዘዝ አድርገሽ በክብሪት ለኩሺው፤ ጥጥና ሊነን እንደ ወረቀት ነድደው አመድ ይሆናሉ፣ ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ጠጣር እንክብል ይሆናል። ሻጩ ከተቆጣ መልሱን አገኘሽ ማለት ነው። ንጹሕ ጥጥ ከሆነ ደግሞ ሳይሰፋ በፊት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ አድርቂው፣ አለበለዚያ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ለታናሽ እህትሽ ነው የሚሆነው።

እናትሽ ግማሽ እውነት አላቸው። ድሪያ በድሬ ሙቀት የሚመቸው ስስና ሰፊ ስለሆነ ነው፣ አየር ይገባል። ያንን ሐሳብ ወደ ቢሮ ውሰጂው። በየወቅቱ ከሚመጣው ፋሽን ውስጥ ሰፋ ያለውን ምረጪ፦ ሰፊ ሱሪ፣ ለቀቅ ያለ ሸሚዝ፣ እግር ላይ የማይጣበቅ ረጅም ጉርድ። ጠበብ ያለው ነገር ፋሽን በሆነበት ዓመት ደግሞ፣ አቦ፣ ይለፍሽ።

የካፖርቱ አምሮት ካልወጣልሽ አሰፊው። ስስ ጥጥ ወይም ሊነን፣ ረጅም፣ ገበር የሌለው፣ ከፊት ክፍት። ገበር አይግባበት ብለሽ አስረግጠሽ ንገሪ፤ ሰፊዎች ለማሳመር ብለው ፖሊስተር ገበር ይከቱበትና ያ ሁሉ ድካም ገደል ይገባል። ለሠርጉ ጉዳይ አስቀድመሽ ሐረር ብቅ የምትዪ ከሆነ ማኪና ግርግር ወደሚባለው የሰፊዎች መንገድ ሂጂ። ስሙ ራሱ ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ የመጣ ነው፣ ሰፊዎቹ በሩ ላይ ተደርድረው ታገኛቸዋለሽ። ፎቶ ብቻ አታሳዪ፣ በልክሽ የሆነ አንድ ልብስ ይዘሽ ሂጂ። ከልኬቱ ይልቅ እሱ ያግባባችኋል።

ያ ኮት የሚጠቅምሽ ድሬ ላይ ሳይሆን መንገድ ላይ ነው። ኅዳር ላይ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት መውጣት ስትጀምሪ አየሩ ይለወጣል፣ ሐረር ማታ ደግሞ ይቀዘቅዛል፤ ያማረሽ ደርቦ መልበስ ያን ጊዜ ነው የሚያምርብሽ። ለሠርጉ ግን ቡናማውን ቤት ተዪው፣ እባክሽ። ሐረር ላይ ብርቱካናማና ሐምራዊና አረንጓዴ በአንድ ሴት ላይ አብረው ሲያምሩ እያየሽ፣ አንቺ የፓሪስን መኸር ለብሰሽ ጥግ ላይ ልትቀመጪ ነው? አንድ ደማቅ ቀሚስ ልበሺ፣ ኮቱን ትከሻሽ ላይ ጣል አድርጊ።

ቡትሱ አይሆንም። ድሬ ላይ እግርሽን ትቀቅዪዋለሽ። ቡናማ የቆዳ ሎፈር ወይም ክፍት ጫማ ያንኑ መልክ ይሰጥሻል። ሠርጉ ጀጎል ውስጥ ከሆነ ደግሞ ቀጭን ታኮ አታድርጊ፤ መንገዱ የድንጋይ ንጣፍ ነው፣ ዳገትና ቁልቁለት አለው፣ ሙሽራዋ ጋ ሳትደርሺ ወጌሻ ጋ ትደርሻለሽ።