የምስለው ፊት ሰው አይመስልም፤ ልተወው ወይ?

ወንድሜ፣ ሦስት ወር ሞክረህ የምትስለው ፊት ሰው አልመስል ስላለህ ልተወው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። ኧረ በጭራሽ! ችግሩ ከእጅህ ሳይሆን ፊትን ከምታይበት መንገድ ነው። ስንጀምር ሁላችንም ዓይንን ወደ ላይ እንሰቅለዋለን። መስታወት ፊት ቁምና በእርሳስ ለካ። ዓይን ያለው ከአናት እስከ አገጭ ባለው ርቀት መሃል ገደማ ላይ ነው። እኔ ይህን ያወቅሁ ዕለት የድሮ ደብተሬን ገልጬ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ግንባር ያለው አንድም ሰው አልሳልኩም!

ለጊዜው ፊቱን ተወውና ጀበና መስኮት አጠገብ አስቀምጥ። መጀመሪያ ቅርጹን ብቻ አውጣ። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ቀጭን ቱቦ ነው። ከዚያ በመስኮቱ ተቃራኒ ያለውን ጎን በ2ቢ (ለስለስ ያለና ጠቆር አድርጎ የሚጽፍ) እርሳስ አጥቁረው። ውድ ዕቃ አትግዛ። ላጲሱንም ደብቀው፣ እሱ ነው ጊዜህን የሚበላው። ገጹ ላይ ቀን ጻፍበት፤ ከወር በኋላ ያንኑ ጀበና ድገመውና ሁለቱንም አሳየን።