የመቺ አማካይ ነጥብ ብቻውን ይበቃል ወይ?

ያገሬ ልጅ፣ «በ50 ኦቨር (አንዱ ኦቨር ስድስት ኳስ የሚወረወርበት ዙር ነው) ክሪኬት ከሁለት መቺዎች የሚሻለውን በአማካዩ ብቻ መለየት ይቻላል ወይ?» ብለው ለጠየቁት፣ በእኔ እምነት አይቻልም። አማካይ የሚገኘው መቺው ያስቆጠረው ነጥብ ተሸንፎ ለወጣበት ጊዜ ብዛት ተካፍሎ ስለሆነ፣ ሳይወጣ የጨረሰባቸው ግጥሚያዎች ነጥቡን ያሳድጋሉ እንጂ አካፋዩን አይጨምሩም። አውስትራሊያዊው ማይክል ቤቫን በዓለም አቀፍ የአንድ ቀን ግጥሚያዎች 196 ጊዜ ለመምታት ገብቶ 6,912 ነጥብ ሲያስቆጥር 67 ጊዜ ሳይወጣ ስለጨረሰ አማካዩ 53.58 ሆኗል፤ በገባበት ጊዜ ሁሉ ቢካፈል ግን ወደ 35 ዝቅ ይላል። ይህ ዝናውን አይቀንሰውም፤ እስከ መጨረሻው ጸንቶ መቆየት ራሱ ትልቅ ችሎታ ነውና እጅግ የማከብረው ተጫዋች ነው።

ነገር ግን ለአንድ ቡድን የተፈቀደው 300 ኳስ ብቻ በመሆኑ ፍጥነትም መመዘን አለበት። የሕንዱ ቪሬንደር ሴህዋግ አማካዩ 35 ያህል ቢሆንም በየ100 ኳሱ ከ104 በላይ ነጥብ ያስቆጥር ነበር፤ የቤቫን 74 ያህል ነው። በ20 ኦቨር ጨዋታ ኳሱ 120 ብቻ ሆኖ ዊኬቱ (የቡድኑ ተራ ከማለቁ በፊት ሊወጡበት የሚችሉት መቺዎች ብዛት) ያው 10 ስለሆነ ፍጥነት ይበልጥ ትልቅ ዋጋ አለው።

ለወርዋሪም በአንድ ኦቨር የሰጠው ነጥብ ሲታይ የትኛው ኦቨር እንደሆነ መጠየቅ ይገባል፤ መቺዎች በመጨረሻ ደፍረው ስለሚመቱ፣ የመጨረሻዎቹን ኦቨሮች የሚወረውር ብዙ ቢመታበት አያስደንቅም። እዚህ ጎንደር የፋሲል ከነማን ተከላካይ በጎል ብዛት እንደማንመዝነው ሁሉ፣ የመመረቂያ ጽሑፍዎን በዚህ ላይ ከሠሩ እያንዳንዱን ተጫዋች በዚያው ግጥሚያ ከተጫወቱት ጋር ያነጻጽሩት።