የራሳችን ሰርቨርና ገመድ ካለን ኢንተርኔት አቅራቢ ለምን?

ወንድሜ፣ ሸጋ ጥያቄ ነው ያነሣኸው። ቡሬ ላይ ያለው የገበሬዎች ዩኒየናችሁ ቢሮና የእህል መጋዘን በአንድ ግቢ ውስጥ 180 ሜትር ተራርቀዋል፣ ሰርቨሩም (መዝገቡን የሚይዘው ኮምፒውተር) ተገዝቷል፤ «ገመዱን ራሳችን ከዘረጋን ለአቅራቢ በየወሩ የምንከፍለው ለምንድን ነው?» ነው ያልከው። ደብረ ማርቆስና ዙሪያዋ የኔትወርክ ገመድ ስዘረጋ ዓመታት አልፈውኛል፤ ያየሁትን ልንገርህ።

ለግቢው ሥራ አቅራቢ አያስፈልጋችሁም። የሂሳብ ሠራተኛዋ የክምችት መዝገቡን ስትከፍት መረጃው ከኮምፒውተሯ ወደ ስዊቹ (ገመዶቹን ወደሚያገናኘው ሣጥን)፣ ከስዊቹ ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል እንጂ ከአጥር አይወጣም። በ10 ወይም በ192.168 የሚጀምሩት የአይፒ አድራሻዎች (የእያንዳንዱ መሣሪያ የኔትወርክ ቁጥሮች) ለግል ኔትወርክ የተተዉ ስለሆኑ ማንንም ሳታስፈቅድ ትጠቀማለህ። የውጭው መስመር ሳምንት ቢቋረጥ እንኳ እህል መረከቡ አይቆምም።

አቅራቢ የሚያስፈልጋችሁ ከአጥሩ ስትወጡ ነው፤ ለኢሜይል፣ ለባንክ፣ ባሕር ዳር ላለው ቅርንጫፋችሁ። እንበልና አቅሙ ኖሯችሁ እስከ ባሕር ዳር ፋይበር፣ ማለትም መረጃን በብርሃን የሚያስተላልፍ የብርጭቆ ገመድ፣ ቀበራችሁ፤ ያ ገመድ ባሕር ዳር ያደርሳችኋል፣ ከዚያ ወዲያ አንድ እርምጃ አያልፍም። የምትከፍሉት ከሌላው ዓለም ኔትወርክ ጋር ለሚያገናኛችሁ ነው። አገራችን ወደብ ስለሌላት መረጃው በጎረቤት አገር፣ ለምሳሌ በጅቡቲ በኩል አልፎ ነው የባሕር ሥር ኬብሉን የሚያገኘው። የቴሌኮም አገልግሎት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ የሚወጣበት ሥራ ነው። ለቅርንጫፉ ኢንተርኔቱ ላይ ቪፒኤን (በኢንተርኔቱ ውስጥ የሚያልፍ የተመሰጠረ የግል መስመር) መዘርጋት ይበቃችኋል፤ ከአቅራቢው ቋሚ አይፒ፣ ማለትም የማይለዋወጥ አድራሻ፣ ጠይቁ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን 180 ሜትሩ ነው። የመዳብ ገመድ፣ ካት ሲክስ የሚባለው ዓይነትም ይሁን ሌላ፣ ልኩ 100 ሜትር ነው፤ 90ው በግድግዳና በቱቦ የሚቀበረው፣ 10ሩ በሁለቱም ጫፍ ለሚሰኩት አጫጭር ገመዶች። «መሐል ላይ ስዊች ላስገባ» የሚል ምክር ይመጣብሃል። እኔም አንድ ግቢ ውስጥ እንደዚያ አድርጌ ነበር። ሐምሌ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ መብረቅ አጠገባችን ወረደ፤ ሦስቱም ስዊቾች፣ የሰርቨሩም የኔትወርክ ካርድ አብረው ተቃጠሉ። ሕንጻውን በቀጥታ አልመታውም፤ በሁለቱ ሕንጻዎች መካከል የተዘረጋው መዳብ ነው ኃይሉን ያስገባው። የጎጃምን የክረምት ነጎድጓድ የሚያውቅ ሰው ሁለት ሕንጻ በመዳብ ማገናኘት የለበትም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አድርጌው አላውቅም።

ስለዚህ ፋይበር ዘርጉ። ብርጭቆ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ሲንግል ሞድ የሚባለው፣ ለረጅም ርቀት የሚሆነው ዓይነት ይሁን፤ በተለመደው የአንድ ጊጋቢት ሞጁል (ስዊቹ ላይ በሚሰካው የፋይበር መሰኪያ) እስከ 10 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ 180 ሜትር ምኑም አይደለም። የምትሠሩበት ሁለት ክር ቢሆንም ቢያንስ ባለ አራት ክር ግዙ፣ አንዱ ሲሰበር ግቢው እንደገና አይቆፈርም። ስትገዛ አጥብቀህ ጠይቅ፤ በብረት የተጠቀለለ ፋይበር አለ፣ ብረቱ መብረቁን እንደ መዳቡ ያመጣዋል። ከቤት ውጭ ብረት የሌለበትን ውሰድ፤ በቆሎ የጫነ መኪና ስለሚያልፍበት በቱቦ አድርጋችሁ ጠለቅ አድርጉና ቅበሩት። መጋዘኑ ውስጥ ሲገባ ጠላቱ አይጥ ነው። እህል ባለበት አይጥ አይጠፋም፣ ፕላስቲኩን ቱቦም ይበላዋል፤ ስለዚህ ከበሩ እስከ ስዊቹ በብረት ቱቦ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አሳልፉት፣ ቱቦውም ኧርዝ ይታሰር።

ለቢሮው ውስጥ መዳቡ ጥሩ ነው፣ ግን ሁሉም «ካት ሲክስ» የተባለ መዳብ አይደለም። ጫፉን በቢላ ፋቀው፤ ከሥሩ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነውና አትግዛው። ሲታጠፍ ይሰበራል፣ በገመዱ ኃይል የሚያገኝ ካሜራ ስትሰካበትም ይግላል።

ርቀቱን ስትለካ ግድግዳው ላይ የሚወጣውንና የሚወርደውንም ጨምር፤ በዓይን 180 የተባለው ብዙ ጊዜ ከ200 ያልፋል። ጉድጓዱ ከመደፈኑ በፊትም መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፎቶ አንሥተህ ፋይል ውስጥ አስቀምጥ፤ የሚቀጥለው ቆፋሪ የሚጠይቅህ እሱን ነው።