የሪክሎዘርና የሪሌይ መፈተሻ መሣሪያ ስንመርጥ

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ጥገና ኃላፊ ነኝ። የ15 ኪሎ ቮልት መስመራችን ምሰሶ ላይ በተሰቀለ ሪክሎዘር (ብልሽት ሲፈጠር መስመሩን አቋርጦ በራሱ መልሶ የሚያገናኝ መሣሪያ) በኩል ይገባል፤ በማከፋፈያ ክፍላችንም ብልሽት ሲያዩ መስመሩ እንዲቋረጥ የሚያዝዙ ዲጂታል ሪሌዮችና ባለ ዲስክ ሁለት አሮጌ ሪሌዮች አሉ። ከቀረቡልን መፈተሻዎች አንዱ ባለ አንድ ፌዝ ሆኖ እስከ 100 አምፔር ይሰጣል፤ ሌላው ባለ ሦስት ፌዝ ሆኖ በየፌዙ 32 አምፔር ይሰጣል፣ ዋጋው ግን እጅግ ይበልጣል። የትኛው ይሻለናል?

መልስ፦ ውድ ቢሆንም ባለ ሦስት ፌዙን እንመርጥልዎታለን። ትልቅ የአምፔር ቁጥር ገዢን ያማልላል፤ ሪክሎዘር ግን ያን ያህል አይጠይቅም። የሲቲው (የመስመሩን አምፔር ለመለኪያ አሳንሶ የሚያወጣው ትራንስፎርመር) ሬሾ 1000 ለ 1 ከሆነ፣ መስመሩ ላይ 6,000 አምፔር የሚደርስ ሾርት ቢፈጠር እንኳ ወደ መቆጣጠሪያ ሳጥኑ የሚመጣው 6 አምፔር ብቻ ነው። ከባዱ ሥራ ያለው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሪክሎዘር ይከፍታል (ኃይሉን ያቋርጣል)፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ መልሶ ይዘጋል (ኃይሉን ያገናኛል)፤ ብልሽቱ ካልተወገደ ይህንኑ በተሞላለት ቁጥር ልክ ደጋግሞ በመጨረሻ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ መፈተሻው የመክፈቻና የመዝጊያ ትእዛዙን ተቀብሎ ራሱን እንደ ብሬከር (የመስመሩ ማቋረጫ) አስመስሎ መልስ መስጠት፣ በመካከሉ ያለውንም ጊዜ በሚሊ ሰከንድ መለካት ይኖርበታል። አንዳንድ አዳዲስ ሪክሎዘሮች ደግሞ በሲቲ ምትክ አነስተኛ ቮልቴጅ የሚልክ ሴንሰር ስላላቸው፣ በዚያ መግቢያ አምፔር መልቀቅ ካርዱን ሊያቃጥለው ይችላል። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ከማኑዋሉ አይተው፣ ለሶኬቱ የሚስማማውን ገመድ በውሉ ውስጥ ያስገቡ፤ ገመዱ በየአምራቹ ይለያያል።

በዲጂታል ሪሌይም ቢሆን አንድ ፌዝ ብቻ መስጠት ችግር አለው። ሪሌዩ የሦስቱን ፌዞች ድምር ስለሚያሰላ፣ በአንዱ ብቻ የገባውን ኃይል መስመር ከመሬት ጋር እንደተገናኘ ይቆጥረዋል፤ የምንፈትነው ክፍል ሳይሠራ የመሬት መከላከያው ይቀድማል። ባለሙያው ይህን ለማለፍ መከላከያውን ያጠፋዋል፤ መልሶ ማብራቱን ቢረሳስ?

አሮጌዎቹን ሪሌዮች በተመለከተ አቅራቢውን ስለ አምፔር ብቻ አይጠይቁት፤ ያን አምፔር በስንት ቮልት መግፋት እንደሚችልም ይጠይቁት። ባለ ዲስክ ሪሌይ፣ በተለይ በዝቅተኛ ታፕ (የአምፔር መምረጫ ደረጃ) ላይ ሲቀመጥ፣ ጠመዝማዛው ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈልጋል። በአምፔሩ በኩል ደግሞ በየፌዙ 32 አምፔር የሚሰጡ ብዙ ባለ ሦስት ፌዝ መሣሪያዎች መውጫዎቻቸው በትይዩ ሲጣመሩ እስከ 96 አምፔር ስለሚሰጡ የባለ አንድ ፌዙ የአምፔር ብልጫ እዚህም ብዙም አይታይም።

መሣሪያውን ከፍ ወዳለችው ደሴ ወስደው የሚሠሩበት ከሆነ፣ ብዙ የመለኪያ መሣሪያዎች እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ብቻ ዋስትና ስለሚሰጣቸው ይህንንም ከመግለጫው ያጣሩ። ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊትም አቅራቢው በራስዎ ሪሌይ ላይ ሠርቶ ያሳይዎ፦ በአይኢሲ (ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን) መደበኛ ኢንቨርስ ኩርባ (አምፔሩ በጨመረ ቁጥር የማቋረጫው ጊዜ የሚያጥርበት)፣ የጊዜ ማባዣው 0.1 ሆኖ፣ ከተሞላው አምፔር 10 እጥፍ ሲሰጠው ዲጂታል ሪሌይ በ0.3 ሰከንድ ገደማ ማቋረጥ አለበት።