ለተመዘገበ አሮጌ ቤት ሲሚንቶ ከመግዛትህ በፊት

ወንድሜ፣ «ደብረ ማርቆስ ያለው የአያቶቻችን ቤት በቅርስነት ተመዝግቧል፤ የድንጋይ ግድግዳው ልስን እየረገፈ ስለሆነ በሲሚንቶ ልናስለስነው ነው፤ የከተማው ቅርስ ባለሙያ ምን አገባው?» ብለሃል።

ያገባዋል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ የሚጠገነው የቅርስ ባለሥልጣኑ አስቀድሞ ሲፈቅድ ነው፤ ቤቱ የግል መሆኑ ይህን አያስቀርም። ባለሙያው ቤቱን አይቶ፣ ለክቶ፣ ፎቶ አንስቶ ሐሳብህን ከአስተያየቱ ጋር ለሚመለከተው ያስተላልፋል፤ ሥራው ሲጀመርም ይከታተላል። ከእሱ ገንዘብ አትጠብቅ። ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ከሆነ ግን መንግሥት በከፊል ሊሸፍን እንደሚችል አዋጁ ስለሚል፣ ማመልከት አይከፋም።

ባለሙያው ሲሚንቶውን ቢከለክልህ አትቀየመው። በጭቃ የተገነባ የድንጋይ ግድግዳ በክረምት ከመሬት ርጥበት ይስባል፤ የጭቃና የኖራ ልስን መልሶ ያስወጣዋል። ሲሚንቶ ግን መውጫውን ይዘጋዋል። ውሃው ከኋላው ወደ ላይ ይወጣል፣ በድንጋዩ መሃል ያለው ጭቃ ይላላል፣ በመጨረሻም ልስኑ ጭቃውን ይዞ በቁራጭ በቁራጭ ይወድቃል። ቀድሞ በሲሚንቶ የተለሰነ ቦታ ካለ በጣትህ አንኳኳው፤ ባዶ ድምፅ ካሰማ ለቋል ማለት ነው።

መጀመሪያ የውሃውን ምንጭ አጥፋ። መንገዱ ከፍ ሲል ግድግዳው ሥር የተከመረውን አፈር ከውስጥ ወለሉ በታች እስኪሆን አንሳ፤ ውሃው ከቤቱ እንዲርቅ ተዳፋት አድርገው፤ የጣሪያውን አሸንዳ አስተካክል። ይህ ሳይሆን የተለሰነ ልስን በማንኛውም ነገር ቢሠራ አይቆይም።

ለድንጋዩ 1 እጅ ኖራ ለ3 እጅ የታጠበ ሻካራ አሸዋ ይበቃል። ኖራው በውሃ በርዶ ቢያንስ ጥቂት ሳምንት ተከድኖ የቆየ ይሁን፤ ትኩሱ ልስኑ ላይ ያብጥና ይፈነዳል። ግድግዳውን አርጥበህ ከ1 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ልሰን፤ ሲጠነክር ሁለተኛ ዙር ድገም። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ብትሠራው ይሻላል፤ ግን ፀሐዩ ፈጥኖ ካደረቀው ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ እርጥብ ጆንያ አልብሰው። ጭቃ ቤት ከሆነ ደግሞ ከጤፍ ጭድ ጋር ቀናት ተቦክቶ የቆየ ጭቃ ነው የሚመቸው፣ ከላዩ የኖራ ቅብ።

ማመልከቻህ ላይ «እድሳት» ብቻ ብለህ አትጻፍ፤ ከዚህ ቃል ማንም ምን እንደምትሠራ አያውቅም። «የሰሜኑ ግድግዳ የታችኛው 1 ሜትር ልስን ተነሥቶ በኖራ ይለሰናል» ብለህ ጻፍ። የይዞታ ማስረጃህን፣ የአራቱንም ወገን ፎቶ፣ ስንጥቁንም አጠገቡ ማስመሪያ ይዘህ ያነሣኸውን አያይዝ። ግንበኛው የሚጠቀመውን ዕቃና ልኬት ጽፎ ይፈርም፤ ክርክሩ ሁሉ የሚነሣው ይህ ሳይጻፍ ሲቀር ነው።

መሬቱን ስትቆፍር የጥንት ነገር ብቅ ካለ ቁፋሮውን አቁመህ ለባለሥልጣኑ አሳውቅ፤ ማሳወቁ አዋጁ ላይም አለ።