በወረርሽኝ ጊዜ ስብሰባውን ማን ይምራው?

የአንባብያን ጥያቄ እና የባለሙያ መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ሲሆን የቀበሌያችን የጤና ኮሚቴ አባል ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የትኩሳት ሕመም በሰፈራችን ሲበዛ ለአስቸኳይ ስብሰባ ተጠርተን ነበር። የተገኙት ሁሉ ተራ በተራ ተናግረው፣ ፀረ ትንኝ ጭስ የሚረጭ መኪና በየመንገዱ እንዲዞር ከተወሰነ በኋላ ነው ጥግ ላይ ለተቀመጠችው የጤና ባለሙያ ዕድል የተሰጣት። እሷም «መጀመሪያ በርሜሎቹን ብናይ» አለች። ሰብሳቢው ግን ሰዓቱ ሄዷል ብለው ስብሰባውን ዘጉ። ጭሱ ተረጨ፤ ሕመሙ ግን አልቆመም። በእንዲህ ያለ ጊዜ መምራት ያለበት ባለሙያው ነው ወይስ አስተዳዳሪው? ባለሙያዋ ብትመራስ ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር?

መልስ፦ ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር፤ የመጀመሪያው መልስ ከዚያ ውስጥ ይወጣልና።

ድሬዳዋ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜል፣ ጀሪካን ወይም ሮቶ የሌለው ግቢ ማግኘት ያስቸግራል። ከእነዚህ የአንዱን ክዳን ገልጠው በባትሪ ብርሃን ውሃውን ጥቂት ዝም ብለው ቢመለከቱ፣ የሚንቀሳቀሱ እጮች ሊያዩ ይችላሉ። አንዳንዱ እጭ በጭራው በኩል የውሃውን ገጽ ይዞ ራሱን ቁልቁል ደፍቶ ይንጠለጠላል፤ በንጹህ የበርሜል ውሃ ውስጥ እንዲህ ሆኖ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ዴንጊንና ቺኩንጉንያን (ሁለቱም በቫይረስ የሚመጡ የትኩሳት በሽታዎች ናቸው) የምታስተላልፈው የኤደስ ትንኝ እጭ ነው። ሌላው ደግሞ ከውሃው ገጽ ሥር ለጥ ብሎ ይተኛል፤ እሱ የወባ ትንኝ ዘር ነው። እንግዲህ ያቺ ባለሙያ «በርሜሎቹን እንይ» ስትል የጠየቀችው ጊዜ የሚያባክን ነገር አልነበረም። ቀጥሎ የሚሰጠው ትእዛዝ ሁሉ በዚያ እይታ ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

እጩ የኤደስ ከሆነ፣ ትንኟ የምትነክሰው በአመዛኙ በቀን ስለሆነ የሌሊት አጎበር ማደል ብቻውን ብዙ አይረዳም። እንቁላሏን የምትጥለው ከውሃው ከፍ ብሎ በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ሲሆን እንቁላሉ ደርቆ ወራት ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ ውሃውን መድፋት አይበቃም፣ ግድግዳው በየሳምንቱ በብሩሽ መፈግፈግ አለበት። ለፋርማሲዎችና ለጤና ጣቢያዎችም የሚተላለፈው መልእክት ይለያል፤ ዴንጊ የመድማት አደጋ ስላለው ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል እንጂ አስፕሪንም ሆነ አይቡፕሮፌን አይሰጥም። እጩ የወባ ትንኝ ከሆነ ደግሞ ቅድሚያው ፈጣን የደም ምርመራ፣ መድኃኒትና አጎበር ይሆናል። ጭሱ በበኩሉ በዚያች ሰዓት የምትበርረውን ትንኝ ይገድል እንደሆነ እንጂ በርሜሉ ውስጥ ያለውን እጭ አይነካውም፤ ያም እጭ በጥቂት ቀናት ውስጥ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። (ጭስ የሚወደድበትን ምክንያት እረዳለሁ፤ ይታያል፣ ይሸታል፣ ሥራ እየተሠራ ነው ያሰኛል። በርሜል መፈግፈግ ግን ለፎቶግራፍ አይመችም።)

የእርስዎ ከተማ ይህን ትምህርት በውድ ዋጋ የገዛች ናት። በአገራችን የዴንጊ ወረርሽኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው በ2006 ዓ.ም. በድሬዳዋ ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉንያ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን በመገጣጠሚያ ሕመም አስተኛ። ከጥር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ወባ በደረቁ ወቅት ተነሣ፤ ወባን ከክረምት ማግሥት ጋር ብቻ አያይዞ ለሚያስብ ሰው ይህ ግራ የሚያጋባ ነበር። በኋላ የተደረገው ጥናት ወረርሽኙን አኖፊሊስ ስቴፈንሳይ ከተባለችው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር ከተገኘችው መጤ ትንኝ ጋር አያያዘው። ይህች ትንኝ ኩሬና ረግረግ አትጠብቅም፤ እንደ ኤደስ ሁሉ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች። የወባውም የዴንጊውም መንገድ አንድ በርሜል ላይ ተገናኘ ማለት ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ ልመለስ። «በሽታው ምንድን ነው? የሚያቆመውስ ምንድን ነው?» በሚለው ላይ የመጨረሻው ቃል የባለሙያው ሊሆን ይገባል። ነገር ግን ባለሙያው የውሃ ፈረቃውን ማስተካከል፣ የተዘጋ ግቢ ማስከፈት፣ ለመኪና ነዳጅ መፍቀድ፣ ከሌላ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ማዘዝ አይችልም፤ ይህ የአስተዳዳሪው ድርሻ ነው፤ ያለ እሱም የባለሙያው ትክክለኛ ምክር ወረቀት ላይ ይቀራል። በመሆኑም ሁለቱን ከማወዳደር ይልቅ፣ አንድ የምላሽ አስተባባሪ ባለሙያ አስቀድሞ በደብዳቤ ተሰይሞ፣ እስከ ምን ድረስ ራሱ እንደሚወስንና ከየት በላይ ሲሆን አስተዳዳሪውን እንደሚያስፈቅድ ተጽፎ መገኘት አለበት እላለሁ። ሥልጣኑ የሚሰጠው ሕሙማን ኮሪደሩን ከሞሉት በኋላ ከሆነ ስብሰባው ሁሉ «ማን ተናገረ» ወደሚል ክርክር ይወርዳል።

መሪነቱ እንደ አደጋው ዓይነት ከእጅ ወደ እጅ እንደሚተላለፍም አይርሱ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚያስፈልገው ሰው የሚያወጣና የሚያጓጉዝ አዛዥ ነው። ተፈናቃዮች በመጠለያ ከተሰበሰቡ በኋላ ግን ጥያቄው የመጠጥ ውሃ ክሎሪን፣ የመጸዳጃና የተቅማጥ ጉዳይ ስለሚሆን የጤና ባለሙያው ወደ ፊት መምጣት አለበት።

ባለሙያው ሲመራ ከባዱ ሸክም ማስረጃው ሳይሟላ መወሰን ነው። በዓለም ደረጃ ዛሬ የሚሠራበት አንድ መለኪያ አለ፤ ወረርሽኝ ከተነሣ በ7 ቀን ውስጥ መታወቅ፣ በ1 ቀን ውስጥ ሪፖርት መደረግ፣ ቀጥሎ ባሉት 7 ቀናት ውስጥ የመጀመሪያዎቹ የምላሽ ሥራዎች መጠናቀቅ አለባቸው። በእኛ አገር የበሽታዎች ቅኝት (ክትትልና ሪፖርት) ሥርዓት እንደ ኮሌራ ያሉ በሽታዎች በተጠረጠሩ በ30 ደቂቃ ውስጥ ወደሚቀጥለው ደረጃ ይነገራሉ፤ ወባ ግን በየሳምንቱ የሚላክ ነው። ስለዚህ የወባ ወረርሽኝ የሚታወቀው የሳምንቱ ቁጥር ካለፉት 5 ዓመታት ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ሲነጻጸር ነው። ለምሳሌ በጥር ወር ሁለት ሕመምተኛ ብቻ ያይ የነበረ ጤና ጣቢያ አሥራ ሁለት ቢያይ፣ ቁጥሩ ለሰብሳቢው ትንሽ ነው፤ ለባለሙያው ግን ደወል ነው። «ገና እርግጠኛ አይደለሁም፤ ቢሆንም ዛሬውኑ በርሜሉን እንመርምር» የማለት ድፍረት ያስፈልገዋል፤ ነገ ተሳስቶ ቢገኝ እንደማይቀጣም ማወቅ አለበት።

ለኮሚቴዎ የምመክረው ቀላል ነገር ነው። የሚቀጥለው ዝናብ ሳይመጣ፣ በአስቸኳይ ስብሰባ ሁሉ የባለሙያው ሪፖርት አንደኛ አጀንዳ እንዲሆንና ውሳኔ ከእሱ በፊት እንዳይተላለፍ በቃለ ጉባኤ አስጽፉ። ያልተለመደ የሕመም ክምችት ሲያዩም የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነጻ የስልክ መስመር 8335 መሆኑን ያስታውሱ።

ጥያቄ፦ በሐረር የጤና ትምህርት ተማሪ ነኝ። ወደፊት የወረርሽኝ ምላሽ መምራት እፈልጋለሁ። ምን ልማር?

መልስ፦ ከመጀመሪያ ዲግሪዎ በኋላ የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ (በሽታ በሕዝብ መካከል እንዴትና ለምን እንደሚሰራጭ የሚያጠና ሙያ) ሥልጠና ይመልከቱ። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረ ሲሆን፣ ሠልጣኙ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው ከክፍል ይልቅ ወረርሽኝ በተነሣበት ቦታ ነው። እስከዚያው ግን በእረፍት ጊዜዎ በአቅራቢያዎ ያለውን ጤና ጣቢያ አስፈቅደው ያለፉትን 5 ዓመታት የወባ ሳምንታዊ ሪፖርት ይመልከቱ፤ ቁጥሩን በካሬ ወረቀት ላይ በእጅዎ ይሣሉት። መስመሩ ድንገት ቀጥ ብሎ የወጣበትን ሳምንት ሲያገኙ ወደ መዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ሄደው በዚያ ሳምንት ምን ተፈጥሮ እንደነበር ይጠይቋት።