መልስ፦ ፀሐይ ያነጣውን ገመድና መረብ መልሶ ስለ ማቅለም

ወዳጄ፣ የባለ ሸራ ጀልባህን ገመድና መረብ ፀሐይ አንጥቶት መልሶ ማቅለም ይቻል እንደሆነ ጠይቀሃል። ይቻላል፣ ግን ሁሉም ገመድ ቀለም አይዝም። ከጫፉ ትንሽ ቁረጥና ውሃ ውስጥ ጣለው፤ መጀመሪያ አየሩን በጣትህ ጨምቀህ አስወጣለት፣ አለዚያ ይሸውድሃል። ከተንሳፈፈ ፖሊፕሮፒሊን ወይም የዳይኒማ ዓይነት (ሁለቱም ከውሃ የሚቀልሉ ሰው ሠራሽ ክሮች ናቸው) ስለሆነ አትልፋ፣ ቀለሙ እጅህን እንጂ ገመዱን አይነካውም። ከሰመጠ ብዙ ጊዜ ናይሎን ወይም ፖሊስተር ነው። ናይሎን አያስቸግርም፦ የአሲድ ቀለም (ለሱፍና ለናይሎን የሚሆን ማቅለሚያ)፣ ሙቅ ውሃና ትንሽ አቼቶ ይበቃዋል። ፖሊስተር ግን ዲስፐርስ የሚባለውን ለሰው ሠራሽ ክር የሚሆን ቀለምና ሊፈላ የደረሰ ውሃ ይፈልጋል (ምግብ በምታበስልበት ድስት እንዳትሞክረው)።

አንድ ነገር ልብ በል፣ ናይሎን በሙቅ ውሃ ይኮማተራል፣ ስለዚህ ልክ በልኩ ተወጥሮ የነበረ መረብ ከነከርከው በኋላ ቦታው ላይ አልደርስ ሊልህ ይችላል።

ከቀለሙ በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ጥንካሬው ነው። ፀሐይዋ ቀለሙን ብቻ መርጣ አትበላም፣ ክሩንም ትበላዋለች። በጥፍርህ ፋቅ አድርገው፤ ከሻከረና ፀጉር ካወጣ፣ ወይም ብናኝ ከረገፈ፣ በተለይ ሰው የሚደገፍበት መረብ ከሆነ ሳታቅማማ ቀይረው። ማቅለም ጉዳቱን ይደብቅብሃል እንጂ አይጠግነውም። ጤነኛውን ከነከርክ ደግሞ ውሃው ጥርት እስኪል እጠበው፣ አለዚያ የመጀመሪያው ዝናብ ቀለሙን ሸራህ ላይ ያወርደዋል።